ከቤት የተላከ ስልጆ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 7 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዲያቆን ባንተአምላክ ዳኘው
ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ቅኔው፣ ማኅሌቱ፣ የደጋው ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ አለሁልህ። ትንሽ ከመክሳቴ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ መክሳቴን ደግሞ ለእማዬ አትንገራት።

«ትበያለሽ ወይስ ስለ መብል ስታወሪ ይመሽብሻል?» ላልከኝ፣ ሁለቱንም ነው። ምን ላድርግ፣ አምላክ እኔን ሲፈጥር ከሆዴ ሳይጀምር አልቀረም። ቤት የምጋራው ከምሕረት ጋር ነው፤ የቡሬ ልጅ ናት፣ ክፍላችንም አንድ ነው፣ ሳቂታ። «ሰው በሕልሙ ዘመዱን ያያል፤ አንቺ ወጥ ታያለሽ» ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም። ባለፈው በሕልሜ የእማዬን ስልጆ በጣቴ ስልስ አደርኩና ጠዋት የጋቢዬ ጫፍ ርሶ አገኘሁት። ምሕረት ይህን ለክፍሉ ሁሉ አወራችብኝ፣ ፈጣሪ ይይላት!

አሁን ግን ሆዴ ሥራ አግኝቷል። የባዮሎጂ አስተማሪያችን መምህር ገነነ ተብላልተው ስለሚኮመጥጡ ምግቦች ጀምሮልናል። ጠላው፣ እርጎው፣ አረቄው፣ ስልጆው፣ ሁሉም በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት ሥራ ነው ይለናል። ሱፉንና ባቄላውን አብስለን ስንከድነው እኛ እንተኛለን፣ እነሱ ይሠራሉ። እርሾ ማለት እነሱ የሚኖሩበት ነው። «ከአንዲት ሴት ቤት እርሾ ወስዳችሁ ለሌላዋ ብትሰጧት፣ የሁለቱ ቤት ጣዕም እህትማማች ይሆናል» አለን።

እጄን አውጥቼ፣ «መምህር፣ የእናቴ ስልጆ ከጎረቤቱ ሁሉ የሚለየው ለዚህ ነው?» አልኩት።

«እርሾውን ከየት አገኘችው?»

«ከእናቷ። እናቷም ከእናቷ።»

«እንግዲያው አንቺ በጣትሽ የምትልሺው ቅድመ አያትሽን ነው» ሲለኝ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ቅድመ አያት» ሆኗል።

ሁዳዴ ሲገባ እያንዳንዳችን አንድ ምግብ ይዘን ክፍል ፊት ቆመን እናስረዳለን። እኔ ስልጆ መረጥኩ። እማዬን ንገራትና ትደሰት። አባባን ተጣልታ እዚህ ያመጣችኝ ለዚህ ነው በላት። አባባ ለእነ ይርሳው ቤት ቃል እንደሰጡ እኔም አልረሳሁትም፤ የአስረኛ ክፍልን ፈተና ከወደቅኩ ከይርሳው ልጅ ጋር ጎጆ እንደምወጣ አውቃለሁ። ስለዚህ አልወድቅም። ቢሆንም ባይሆንም አልወድቅም።

አንድ ነገር ከነከነኝ። እማዬ ከመስከረም ወዲህ በቃሏ አንድም ደብዳቤ አላስጻፈችም። ተቀየመችኝ? ሸኝታኝ ስትመለስ አልቅሼባት ነበር፤ እሱ ከብዷት ከሆነ ይቅር በይኝ ብላለች በላት።

እህትህ አምለሰት

*

ገበዝ ማርያም፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህቴ አምለሰት፣ ሰላመ እግዚአብሔር አይለይሽ።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ አጨዳው ላይ ነበርን፣ ከዚያም ውቂያው። ጌታሁንም እህሉን በአይሱዙ ጭኖ ወደ እናንተ የሚወርድበትን ቀን እየለዋወጠ አስቸገረኝ። ያለ እሱ ደብዳቤ የማደርስበት ሰው የለኝም።

እማዬን በሚመለከት፣ ጤነኛ ናት። ተቀይማሽም አይደል። የእሷን ነገር ታውቂ የለ፣ ደብዳቤ ላስጽፍ ብላ ተቀምጣ «ለልጄ» ከማለቷ እንባዋ ይቀድማታል፤ ወረቀቱ ይበላሻል። «በርትታ ትማር፣ ወደ ኋላ እንዳታይ» ብላሻለች። ቃሏ ነው፣ አልጨመርኩበትም።

አባባም ደህና ናቸው። ስንቁን ራሳቸው ሰፈሩት፣ ራሳቸው አስጫኑት፤ ብታይ ባላመንሽ። ጤፉ፣ ሽሮው፣ በሶው አለ። ለጾሙ ስልጆም በክዳን ዕቃ ታሽጎ ተልኮልሻል። ብታካፍይ ለምሕረት ብቻ አካፍይ፤ ለክፍሉ ሁሉ እንዳትበትኝው።

ስለ ትምህርታችሁ የጻፍሽውን ለየኔታ ባነብላቸው በሳቅ ሞቱ። «በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር በማሰሮ ውስጥ ይኖራል ካለ፣ ያ አስተማሪ ጠበል ይረጭበት እንጂ ለምን ያስበላቸዋል?» አሉ። ኋላ ግን፣ «የማይታይ ነገር አለ ማለቱ ግን መልካም ሰው ነው» ብለው መረቁት።

ቤቱ ደህና ነው። ሁሉም በየቦታው አለ። አንች ስለ ቤት አታስቢ።

ወንድምሽ ባንተአምላክ

*

ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ አልቻልኩም።

ይህን ስልጆ ማን ነው የሠራው?

እንዳትስቅ። በመጀመሪያው ጉርሻ ምሕረት «እሰይ!» ስትል እኔ እንጀራውን አስቀመጥኩት። «ምነው፣ ፀጉር አለበት?» አለችኝ። ፀጉር ቢኖርበትማ ምናለ። ሰናፍጩ ትኩሱ ላይ ገብቶ ሞቷል፤ እማዬ እጇን አስነክታ መብረዱን ሳታረጋግጥ ሰናፍጭ አታስገባም። ከነጭ ሽንኩርቱ ጨው በርትቷል። ጤና አዳሟ የለችም፤ እማዬ ከድና ከመሄዷ በፊት ፍሬዋን በጣቷ ደቅቃ የምትጥላት ጤና አዳም። ይህ ሁሉ ይሁን፣ ቸኩላ ይሆናል ብዬ ልለፈው። ኩምጣጤው ግን ሌላ ነው። እርሾው የእኛ ቤት አይደለም። ባንቴ፣ ይህን ስልጆ የበላሁት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነው፤ ዓይኔን ብታስረኝም አልስተውም።

የእማዬ እርሾ የት ሄደ? እርሾ የሚጠፋው ባለቤቲቱ ስትጠፋ ነው።

ጤነኛ ናት ብለሃል። ሰው ሞቶ «ትንሽ አሞታል» እንደሚባል ግን ሁለታችንም እናውቃለን። መርዶ በደብዳቤ እንደማይጻፍም አውቃለሁ። የአጎታችንን ልጅ ከአዴት ሲያስመጡት «በሬ ልንሸጥ ነው፣ ድረስ» ብለው እንዳስመጡት፣ እሱም ስለ በሬው ዋጋ እያወራ ድንኳን ውስጥ እንደገባ አልረሳሁም። ፈተና አለባት ብላችሁ እኔንም እንደዚያ እያደረጋችሁኝ ከሆነ፣ ይቅር አልልህም። ክህነትህ አይከልልህም።

መልስ ካላገኘሁ ለገና እመጣለሁ። በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።

አምለሰት

*

ገበዝ ማርያም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

አምለሰት፣

በቆምኩበት መቅደስ እምልልሻለሁ፤ እማዬ በሕይወት አለች። ቆማ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ስምሽን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠራ አንድዬ ይወቀው። ለመሐላ እንደማልቸኩል ታውቂያለሽ። ይህን ካነበብሽ በኋላ ለሌላ ሐዘን አትቀመጭ።

የስልጆው ነገር ግን እውነትሽን ነው፣ ምላስሽ ጉድ ነው። የቤቱ እርሾ አልቆ ነበር። የጎረቤት ተለምኖ ነው የተሠራው፣ በጥድፊያም ነው። ይኸው ነው። ደግሞስ ለስልጆ ብለሽ ነው እንዲህ እንደ ነብር የምትቆጭኝ? ሰው ቢሰማን ምን ይለናል፣ «የዳኘው ልጅ ሰናፍጭ ቀዘቀዘብኝ ብላ ወንድሟን ከክህነት ልትሽር ነው!» አይለንም?

ለገና አትምጭ። መንገዱ አይመችም፣ ጌታሁንም አይመለስም። ጊዜሽን ለመጽሐፉ ስጭ። እርሾው ተፈልጎ ይገኛል፤ የሁዳዴው ስልጆሽ እንደ ጥንቱ ይሆናል። ከአንች በተማርኩት ቃል እገባልሻለሁ፤ እርሾው ከተገኘ ጣዕሙ ይገኛል፣ አላልሽም?

ወንድምሽ ባንተአምላክ

*

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

የኔ ወንድም፣ የኔ ጌታ፣ የኔ ዲያቆን!

ያለፈውን ክፉ ቃሌን ሁሉ ቅደደው፤ ከምድጃ ክተተው። ስልጆው ደረሰኝ።

ክዳኑን ከፍቼ ገና ሽታው ሲመጣ ተቀመጥኩ። ምሕረት «ደግሞ ምን ጎደለው?» ብላ ወገቧን ይዛ ቆማ ነበር። ምንም አልጎደለውም! እርሾው የእኛው ነው። ያ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ቆይቶ የሚመጣው ኩምጣጤ፣ ያ አፍንጫ የሚነካው ሰናፍጭ፣ ሁሉም ነበር። ጤና አዳሟ ብቻ አልተገኘችም። የእማዬ የጓሮ ጤና አዳም በውርጭ ተመታ መሰለኝ? ይሁን፣ እሷም ትለምልም።

ክፍል ይዤው ገባሁ። ከፊት ቆሜ ስለ ሱፉ፣ ስለ ባቄላው፣ ስለ እርሾው አስረዳሁ። መምህር ገነነ በቁራሽ እንጀራ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ይህን የሠራችው ማን ናት?» አለ። «እማዋይሽ የምትባል የገበዝ ማርያም ሴት» ብዬ ስሟን ከነአባቷ ተናገርኩ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈው! የእማዬ ስም፣ ከእነዚያ የእንግሊዝኛ ቃላት ጎን። አንብባ ባታውቀውም ንገራት። «ስምሽ ሰሌዳ ላይ ሲታይ ዋለ፣ ቀጣዩ አስተማሪ እንኳ አላጠፋውም» በላት።

ልጆቹ ዕቃውን በጣታቸው አጥበው መለሱልኝ። «ቅድመ አያት» ማለታቸው ቀርቶ አሁን «ስልጆ» ይሉኛል። የቱ እንደሚሻል እንጃ።

ቀጥሎ የምሕረት ተራ ነው፤ አረቄ መርጣለች። እናትና አባቷ ጠጪ አይደሉም፣ ግን ቡሬ ሰፈራቸው አንዲት ሙያተኛ የሆነች አረቄ አውጪ መጥታለች አሉ፤ እሷን ልትጠይቅ በሳምንቱ መጨረሻ ትሄዳለች። «አንቺም ነይ፣ ቡሬ ቅርብ ናት» ብላኝ ነበር። ሂሳብ ፈተና ስላለብኝ ቀረሁ።

ለፋሲካ ግን እመጣለሁ። እንዳትከለክለኝ። የሁዳዴ ማሰሮ ታጥቦ ሲደፋ እኔ እማዬ አጠገብ መሆን አለብኝ።

ያንተው ስልጆ፣ አምለሰት

*

ገበዝ ማርያም፣ መጋቢት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህቴ፣

ደስታሽን አነበብኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ለፋሲካ ባትመጭ ይሻላል። ፈተናው እየቀረበ ነው። እማዬም ይህንኑ ትላለች፤ «ከወጣች ወዲያ ሰኔን ሳታይ እንዳትመለስ» ነው ያለችኝ። ስለ ሰሌዳው ነግሬያታለሁ። «ማን ነው የጻፈው፣ ወንድ ነው?» አለችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ቡሬ አለመሄድሽ ደግ አደረግሽ። የአረቄ ቤት አካባቢ ለተማሪ አይሆንም። ምሕረትም ብትቀር ይሻላት ነበር።

ባንተአምላክ

*

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

ዲያቆን ባንተአምላክ፣

እንደምን አለህ አልልህም።

ምሕረት ከቡሬ ተመልሳለች። አረቄ አውጪዋ ሴት ሁሉን ነገር በትዕግሥት አስረድታታለች፤ ብቅሉን፣ ጌሾውን፣ ድፍድፉ በስንተኛው ቀን እንደሚነሳ፣ እንፋሎቱ በመቃው ወርዶ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ። ከዚያ ሴትዮዋ በተራዋ ጠየቀቻት። የት ትማሪያለሽ? ስንተኛ ክፍል? ከማን ጋር ትኖሪያለሽ? ምሕረትም አፏ አያርፍ፣ «ከአንዲት የቋሪት ልጅ ጋር፣ ስልጆ ስትበላ የምታለቅስ» አለቻት። ሴትዮዋ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቆየች አለችኝ። ስትመለስ ትንሽ ዕቃ ሰጠቻት። «ለጓደኛሽ ስጫት፤ ከማን እንደሆነ ግን አትንገሪያት፣ ከገበያ ገዛሁት በያት።»

«ስምሽን እንኳ አልጠየቀችኝም» አለች ምሕረት፣ እንደ ቀልድ።

ከፈትኩት። እርሾው ያው የእኛ ነው። ጤና አዳሟ አለችበት።

ባንቴ፣ አስተማሪው ያስተማረኝን ለአንተ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። አንድ እርሾ በሁለት ቤት ካለ አንዷ ለሌላዋ ሰጥታታለች ማለት ነው። አንዱ ስልጆ ከቤታችን መጣ፤ አንዱ ከቡሬ። ጤና አዳሟ ያለችበት የቡሬው ነው። ታዲያ በቤታችን ማሰሮ ላይ ቆማ የምታማስለው ማን ናት?

እኔ እማዬ ሞተች ብዬ ስፈራ፣ አንተ ለፍርሃቴ ብቻ ነው የማልክልኝ። ያልጠየቅኩህን አልነገርከኝም። በመሐላህ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም፤ ቅኔ መማርህ ለዚህ ጠቀመህ።

አባባ ጎጆ መውጫ መሬት እንደሚሰጡህ ሰምቻለሁ። ለዚያ ነው ዝም ያልከው?

ሰሌዳ ላይ ባስጻፍኩት ስም የማንን እጅ ነው ያስመሰገንኩት? ስሟን ንገረኝ። ሁሉን ንገረኝ። ካልነገርከኝ ነገ ተነስቼ ቡሬ እሄዳለሁ፣ ትምህርቱም ይቅር።

አምለሰት

*

ገበዝ ማርያም፣ መጋቢት 27 ቀን 1996 ዓ.ም.
በሕማማት ሰኞ

አምለሰት፣

በዚህ ሳምንት መሳሳም የለም፣ ሰላምታም የለም፤ ስለዚህ ያለ ሰላምታ እጽፍልሻለሁ። ለአንችም ሳይሻል አይቀርም።

መስከረም ላይ እማዬ አንችን ፍኖተ ሰላም አድርሳ ስትመለስ አባባ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። ይርሳው ቀድሞ መጥቶ «ቃልህን አጠፍክ» ብሎ በሰው ፊት ሰድቧቸው ነበር። «ልጅቷን መልሽ፤ ካልሆነ አንችም ወደ ልጅሽ ሂጅ» አሏት። ሽማግሌ ተቀመጠ። በሬው፣ ጎተራው፣ በጎቹ ሊካፈሉ ተቆጠሩ። እማዬ ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ «ድርሻዬን አልፈልግም» አለች። ሽማግሌዎቹ ያበደች መሰላቸው። «ምንም ሳትይዥ ልትወጭ ነው?» አሏት።

«ድርሻዬን ለልጄ ስንቅ አድርጉልኝ። ፈተናዋን እስክትጨርስ ድረስ ከዚህ ቤት ስንቋ እንዳይቋረጥ፣ እሷም ምንም እንዳትሰማ። ለዚህ መስቀል ይመቱልኝ።»

አባባ መስቀል መቱ። ስለዚህ ነው ስንቁን ራሳቸው የሚሰፍሩት፤ ፍቅር መስሎሽ እንደሆን ፍቅር አይደለም፣ መሐላ ነው። እማዬ የወጣችው በለበሰችው ቀሚስና በስልጆ ማሰሮዋ ነው። ማሰሮዋን ሽማግሌዎቹ ከንብረት አልቆጠሩትም። እኔንም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አስማለችኝ። «ብትሰማ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች። ያን ጊዜ እኔ በከንቱ ወጣሁ ማለት ነው» አለችኝ። ይህን ለማን ልንገረው? ለአንች?

ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ነበር፤ «ቤቴ ጠባብ ነው» አላት። ቡሬን የመረጠችው ለአንች ስለምትቀርብ ነው። ኅዳር ላይ ንግሥቴ የምትባል ሴት እዚህ ቤት ገባች። ክፉ ሴት አይደለችም። የመጀመሪያውን ስልጆ የሠራችው እሷ ናት፤ አንች ምን እንዳልሽ ሳነብላት አለቀሰች።

ከዚያ በጌታሁን መኪና ቡሬ ወረድኩ። «እማዬ፣ እርሾ ስጭኝ» አልኳት።

«ለማን?»

«ለቤት።»

«ለማን ነው የምልህ?»

«ለንግሥቴ። አምለሰት በስልጆው አውቃብናለች፣ ልትመጣ ነው።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዕቃ አጠበች፣ ቀዳች፣ አሰረችው። «ሰናፍጩን ትኩሱ ላይ እንዳታስገባው በላት» አለችኝ። ስለ ጤና አዳሟ አልነገረችኝም። ረስታ እንደሆን፣ ለራሷ አስቀርታ እንደሆን አልጠየቅኋትም።

መሬቱን ያልሽው እውነት ነው። ሚስት ሳላገባ ቅስና የለም፣ መሬት ሳይኖረኝ ሚስት የለችም። ብናገር ኖሮ ግን የሚቋረጠው የኔ መሬት ብቻ አይደለም፣ ስንቅሽም ነበር። ፍረጅኝ። ፍርድሽን ስትጽፊ ግን ከምን በልተሽ እንደጻፍሽው አስቢ።

ቡሬ ከሄድሽ አንድ ነገር እወቂ። ለአሠሪዋ ለወይዘሮ እህተ ማርያም «ልጅ የለኝም» ብላ ነው የገባችው። ሴትዮዋ በየበዓሉ ልጄ ዘንድ ልሂድ የምትል ሠራተኛ አታስገባም።

ባንተአምላክ

*

ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

በጌታሁን አፍ «ሄደች ወይ? አለቀሱ ወይ?» ብለህ ላስጠየቅኸኝ፣ ሄጃለሁ። አላለቀስንም።

የፋሲካ ማግስት ነው የሄድኩት። ምሕረት እስከ በሩ አደረሰችኝና፣ «እዚህ እጠብቅሻለሁ» ብላ ዞራ ቆመች። አገሩ ሁሉ ዶሮ ሲበላ እማዬ በጓሮው እሳት ላይ ናት። ጢሱ ዓይኗን አቅልቶታል። ክንዷ ላይ ትኩስ እንፋሎት የላጠው አለ። ቀና ስትል አየችኝ።

ልሮጥ ነበር። እግሬን ሳነሳ ወይዘሮ እህተ ማርያም ከውስጥ ወጣች፤ ወፍራም፣ ጥርሰ ወርቅ፣ ደግ የምትመስል ሴት። «ማን ናት ይህች ቆንጆ?» አለች።

እማዬ ቀደመችኝ። «ተማሪ ናት። የዚያች የቡሬ ልጅ ጓደኛ። ስለ አረቄው ለትምህርቷ ልትጠይቅ የመጣች ናት።»

«ዘመኑ ጉድ ነው! አረቄም ትምህርት ሆነ? እንግዲህ የኔ ባል ፕሮፌሰር ነው በሉኛ!» ብላ ሳቀችና በርጩማ ስባ እኛው ዘንድ ተቀመጠች። አልሄደችም፣ ባንቴ። እስከ መጨረሻው አልሄደችም። ጨዋታ ወዳድ ናት፤ በዓሉ ሰው አሳጥቷት ነው መሰል።

ስለዚህ ጠየቅኋት። ምን ላድርግ? እስክሪብቶና ወረቀት አወጣሁ። እናቴን «አንቺ» እንጂ «እርስዎ» ብያት አላውቅም። «ብቅሉን ስንት ቀን ያቆዩታል?» አልኳት። ነገረችኝ። «ድፍድፉ እንደደረሰ በምን ያውቃሉ?» አልኳት። «ጆሮሽን አስጠግተሽ ስትሰሚው ዝም ሲል ነው፤ ሲንተከተክ ከርሞ ዝም ይላል» አለችኝ። ስጣደፍ አይታ፣ «ቀስ ብለሽ ጻፊ ልጄ፣ አልቸኩልም» አለችኝ። ልጄ ያለችኝ እንደ ማንኛውም ትልቅ ሰው ነው፤ እህተ ማርያም ልብ አላለችውም።

ልብ ያለችው ሌላ ነገር ነው። አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየችና፣ «ኸረ እናንተ፣ ግንባራችሁ አንድ አይደል እንዴ?» አለች።

«የቋሪት ሰው ሁሉ ይመሳሰላል፤ ብርዱ ነው» አለች እማዬ። እህተ ማርያም እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። የሚሳቅበት ነገር ስለነበረ አይደለም፤ እማዬ እንድስቅ በዓይኗ ስላዘዘችኝ ነው።

በመካከል ጎንበስ ብላ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ፈተናችሁ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ግንቦት መጨረሻ።»

«እናት አለችሽ?»

ባንቴ፣ ይህን ጠየቀችኝ። «አለችኝ» አልኳት።

«እንግዲያው እሷ የምትፈልገው መምጣትሽን ሳይሆን ማለፍሽን ነው። እኔ ብሆን እንደዚያ ነው።»

ፈተናውን እቀመጣለሁ። ስንቁንም ላኩ፤ አልበላም አልልም። አንድ ፍሬ ሳይወድቅ እበላዋለሁ፤ የእማዬ በሬና የእማዬ ጎተራ ነው። ስልጆ ግን አትላኩልኝ። ለንግሥቴ ክፉ አልመኝላትም፤ ይህንንም ንገራት። አንተን ምን እንደምልህ ገና አላወቅኩም። ሳውቅ እጽፍልሃለሁ።

ልነሳ ስል እህተ ማርያም «አልጨረስሽም እኮ፣ ያቺ የቡሬዋ የሴትዮዋን ስም ጠይቃ ነው የሄደችው። ለአስተማሪያችን ይጻፋል ብላ» አለች። ምሕረት እንዲህ ብላት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ስምዎን ማን ብዬ ልጻፍ?» አልኳት።

መቃውን አስተካከለች፣ መስተካከል የማያስፈልገውን። «ንገሪያት እንጂ!» አለች እህተ ማርያም፣ «ቀበሌ አይደለችም፣ ተማሪ ናት!»

«ወለተ ኢየሱስ በይ» አለች እማዬ። የክርስትና ስሟን። እሱን የሚያውቀው ነፍስ አባቷና እኛ ልጆቿ ነን።

ጻፍኩት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብያት ወጣሁ።

አምለሰት